እንግዳ አይፈተሽም

ሥራ የጀመርኩበት ሆቴል አዳማ፣ ያኔ ናዝሬት ነው የምንለው፣ ከአውቶቡስ ተራው ጀርባ ያለ ባለ አንድ ፎቅ ፔንሲዮን ነበር። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ደረስኩ። የጽዳት ኃላፊዋ ወይዘሮ አሰገደች ሰማያዊ ሽርጥ፣ ባልዲ፣ መወልወያና ግማሽ ጠርሙስ በረኪና አስረከቡኝ። «በረኪናው የሳምንት ነው» አሉኝ። ግማሽ ጠርሙስ በረኪና ለአሥራ አራት መጸዳጃ ቤት፣ ለሳምንት! የአሠሪን ነገር የዚያን ዕለት ጠዋት መረዳት ነበረብኝ።

ወይዘሮ አሰገደች ሥራ ያውቁ ነበር፤ እሳቸውን አላማም። መጀመሪያ መስኮት ይከፈታል። ቀጥሎ አንሶላውና የትራስ ልብሱ ይገፈፋል። ሳይራገፍ ግን ወደ ጆንያ አይገባም፤ ሰው አንሶላ ውስጥ የማይረሳው ነገር የለም፤ መነጽር፣ የጋብቻ ቀለበት፣ አንዴማ ሰው ሠራሽ ጥርስ። መጸዳጃ ቤቱ በረኪና ተደፍቶበት እስኪቆይ አልጋው ይነጠፋል። የአንሶላው ማዕዘን እንደ ፖስታ ታጥፎ ፍራሹ ሥር ይገባል። «እጥፋት ካየሁ ገፍፌ ነው የማስደግምሽ» ይሉኝ ነበር፤ ያስደግሙኝም ነበር።

አመሻሽ ላይ ስወጣ ፈታሿ በር ላይ አስቆመችኝ። «እጅሽን አንሺ» አለችኝ። ሽርጤን፣ ቀሚሴን፣ ጡቴ ሥር ሳይቀር ዳበሰችኝ። ምሳ ዕቃዬን ከፍታ የተረፈችኝን ቁራሽ እንጀራ አገላብጣ አየች። «ገና ዛሬ ገብቼ ምን ልሰርቅ ነው?» ብላት «አትቀየሚኝ እህቴ፣ ማንም ሳይፈተሽ አይወጣም» አለችኝ። ማንም ስትል እንግዶቹንም ባለቤቱንም መስሎኝ ነበር። ሞኝ ነበርኩ።

ከዚያ ባቱ፣ ሐይቁ ዳር ያለ ሆቴል ሄጄ ሁለት ዓመት ሠራሁ። ደመወዙ ከአዳማው ያንሳል። ተሰብስበን ለምን ብለን ስንጠይቅ ባለቤቱ ሳያፍር «ዓሣ ትበሉ የለም እንዴ?» አለን። ዓሣ የሚለው እንግዳ በልቶ የመለሰውን ጭንቅላትና አከርካሪ ነው። አንዷ ልጅ «ዓሣውን ተውነው፣ በብሩ ይሁንልን» ብትለው በማግስቱ ከሥራ ወጣች። «ዓሣ ግማቱ ከወደ አናቱ ነው» የሚለውን ተረት የፈጠረው ሰው እዚያ ሆቴል ሳይሠራ አልቀረም።

የተቀረውን ዕድሜዬን የበላው ግን የአቶ መርዕድ ሆቴል ነው። አዳማ ላይ ባለ አምስት ፎቅ፣ ሊፍቱ በሳምንት ሁለት ቀን የሚሠራ፣ በሩ ላይ የእብነ በረድ አንበሳ የተቀመጠለት። አቶ መርዕድ ከአርሲ ነገሌ እህል እየጫነ ሲነግድ ኖሮ ነው ሆቴል የሠራው። እህል ነጋዴ መሆኑ ነውር አይደለም። ነውሩ ሰውንም በኩንታል መቁጠሩ ነው። በዕድሜ ስድስት ዓመት እበልጠዋለሁ፤ እሱ «አንቺ» ይለኛል፣ እኔ «እርስዎ» እለዋለሁ። እዚህ ላይ «እሱ» እያልኩ የምጽፈው ጡረታ ስለወጣሁ ነው። ከእንግዲህ ከምኑ ላይ ይቆርጥብኛል?

በሦስተኛው ዓመት የሀውስኪፒንግ ሱፐርቫይዘር፣ የጽዳት ኃላፊ ማለት ነው፣ አደረገኝ። አሥራ አራት ልጆች ከእኔ በታች ሆኑ፤ የየፎቁን ሁሉ በር የሚከፍት ማስተር ቁልፍም አንገቴ ላይ ተንጠለጠለ። ማዕረጉ ረዘመ፣ ደመወዙ ባለበት ቆመ። «ጋሼ፣ ኃላፊነቱ ተጨምሮ ደመወዙስ?» ብለው «መጀመሪያ ሥራሽን ልየው» አለኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አየው።

ደረሰኝ ላይ ለሠራተኛ ተብሎ አሥር በመቶ ከእንግዳ ይሰበሰባል። አንድ ቀን ልጆቹን ወክዬ ቢሮው ገባሁና የት እንደሚሄድ ጠየቅሁት። «መብራት አትጠቀሙም? ውኃ አትጠቀሙም? ዩኒፎርሙንስ ማን አሰፋላችሁ?» አለኝ። በመብራቱ የማጸዳው የእሱን ክፍል፣ በውኃው የማጥበው የእሱን አንሶላ ነው። ልጆቹ ጋ ባዶ እጄን ተመለስኩ።

የምግቡ ነገር ደግሞ ይብሳል። ከቡፌ የሚተርፈውን ሥጋና ሩዝ ሠራተኛ እንዲቀምስ አይፈቀድም። ሁሉም አንድ ላይ ተቀላቅሎ በበርሜል ይወጣና ቡሌ ለሚቸረችሩ ሴቶች ይሸጣል። ለእኛ ሽሮ ይሠራል፤ ሽሮውም ከደመወዝ ይቆረጣል። ደሃ በሚገዛው ትርፍራፊ እንኳ አላመነንም።

አዳማ በስብሰባ የምትኖር ከተማ መሆኗን እዚህ የሠራ ሁሉ ያውቃል። ከአዲስ አበባም ከየክልሉም በአውቶቡስ እየተጫኑ ይመጣሉ፤ ሥልጠና፣ ግምገማ፣ ምክክር። ሁሉም አንድ ቦርሳ ይዞ መጥቶ ሁለት ይዞ ይመለሳል። ሳሙናው፣ ሻምፖው፣ የሻይ ከረጢቱ፣ የመጸዳጃ ወረቀቱ ሳይቀር ይሄዳል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባል የለ? አንዳንዱ ሳይሾምም ይቆጨዋል።

ዋናው ጉድ ግን ፎጣ ነው። ማለቂያው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ሥልጠናው ይበተንና ሁሉም ሶደሬ ፍል ውኃ ይወርዳል። የራሱን ፎጣ ከቤቱ ይዞ የመጣ ሠልጣኝ በሥራ ዘመኔ አላየሁም። የክፍሉን ትልቁን ፎጣ አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ አውቶቡስ ይገባል። ማታ ርጥቡን በፌስታል ጠቅልሎ ሻንጣው ሥር ይከተዋል፤ በማግስቱ ይዞት ይሄዳል። አቶ መርዕድ እንዳይሰረቅ ብሎ የሆቴሉን ስም በወርቃማ ክር አስጠለፈበት። የባሰ አማራቸው። ለማስታወሻ ሆነላቸው።

በሙያችን ደንብ እንግዳ ቁልፍ ሲመልስ ሪሴፕሽን ወደ ፎቅ ይደውላል፤ የፎቁ ልጅ ሮጣ ፎጣውን፣ ሪሞቱንና ብርጭቆውን ቆጥራ «የጎደለ የለም» ስትል ነው ሰውየው የሚሸኘው። አቶ መርዕድ ግን ለስብሰባ እንግዳ ይህን ከለከለ። «እንግዳ አይፈተሽም! ቅር ካላቸው የሚቀጥለውን ስብሰባ ሌላ ሆቴል ይወስዱታል» አለ። ስለ ሶደሬው ደጋግሜ ነገርኩት። «የተከበሩ ሰዎች ፎጣ አይሰርቁም» አለኝ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መምታት ማለት ይሄ ነው። ፎጣ በጎደለ ቁጥር ከልጆቹ ደመወዝ ቆረጠ፤ በየቀኑም የኋላ በር ላይ አስፈተሸን።

የምትፈትሸን ብርቄ የምትባል የጥበቃ ሠራተኛ ናት። ምሳ አብራን ትበላለች፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትዳብሰናለች። «ምን ላርግ፣ እንጀራዬ ነው» ትላለች። አልፈረድኩባትም። እኔም ከእሷ የባሰ ሠርቻለሁና።

ይህን ሳልናገር ባልፍ ውሸታም ነኝ። ትርንጎ የምትባል ልጅ ነበረችን። ከሁለተኛ ፎቅ አንድ ብርድ ልብስ ጠፍቶ አቶ መርዕድ «እሷ ናት» አለ። «እምነት አጉድላለች» የሚል ወረቀት አቅርቦ ኃላፊዋ ስለሆንሽ ፈርሚ አለኝ። የቤት ኪራይ ነበረብኝ፣ ልጄ ኮሌጅ ነበረች፤ ፈረምኩ። ትርንጎ አልቅሳ ወጣች። በሦስተኛው ሳምንት ብርድ ልብሱን በአቶ መርዕድ መኪና የኋላ ወንበር ላይ ተነጥፎ አየሁት፤ የሚስቱ ወንድም ወንበሩን አቧራ እንዳይነካው ብሎ አልብሶት ኖሯል። «ጋሼ፣ ትርንጎ እኮ…» ስለው «ያለፈ አልፏል» አለኝ። ልጅቷን ፈልጌ አጣኋት። ያ ፊርማ እስካሁን ያቃጥለኛል።

ከዚያ በኋላ ነው ጫልቱ ላይ የመጣው። ጫልቱ የአዳሚ ቱሉ ልጅ ናት፤ ሃያ ሁለት ዓመቷ፣ ሥራዋ ንጹሕ፣ ጠዋት «አካም ቡልተን እትዬ የሺ?» ሳትለኝ ጋሪዋን የማትገፋ። ሦስተኛ ፎቅ የእሷ ነው። አንድ እሑድ የአንድ መሥሪያ ቤት ሰዎች ከሄዱ በኋላ ከዚያ ፎቅ አሥራ አንድ ትልልቅ ፎጣ ጠፋ። ሶደሬ ሲወርዱ በዓይኔ አይቻቸዋለሁ።

ሰኞ ጠዋት አቶ መርዕድ አስጠራኝ። ወረቀቱ ተጽፎ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

«እስከ ቅዳሜ ፈርመሽ አምጪ» አለኝ።

«ጋሼ፣ በየቀኑ እየተፈተሸች ነው የምትወጣው። አሥራ አንድ ፎጣ የት አድርጋ አወጣችው?»

«እሱን እሷን ጠይቂያት።»

«እንግዶቹ ሶደሬ ይዘውት ሄዱ ብዬዎት ነበር።»

«አንቺ ሴትዮ፣ የምትበይው እንጀራ ቆርቁሮሻል?» አለና ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው።

የጫልቱ ነገር ከሥራ መባረር ብቻ አልነበረም። ሆቴል ስትቀጠሪ ዋስ ታቀርቢያለሽ። ለጫልቱ ዋስ የሆናት የእናቷ ወንድም፣ አዳሚ ቱሉ የሚያስተምር መምህር ነው። ሌባ ተብሎ ከተጻፈባት የፎጣው ዕዳ እሱ ላይ ይዞራል። አዳማ ያሉ ሆቴሎች ደግሞ ይደዋወላሉ፤ አንዱ ጋ ሌባ የተባለች ልጅ ሌላው ጋ መጥረጊያ አትይዝም።

ላውንደሪ ክፍል ካውያው አጠገብ አገኘኋት። ሰምታለች።

«ወላሂ አልነካሁም እትዬ» አለችኝ።

«አውቃለሁ።»

«አጎቴ ምን ይለኛል? በደመወዙ ስድስት ልጅ ነው የሚያሳድገው። ይፈርማሉ እንዴ?»

አልፈርምም ማለት ነበረብኝ። «እስቲ እናያለን» አልኳት። ፈሪ መልስ ነው። እሷም ገብቷት አንሶላዋን ማጠፍ ቀጠለች።

ማክሰኞ አዲስ ሥልጠና ገባ። ርዕሱን አዳራሹ በር ላይ የተሰቀለው ጨርቅ ላይ አነበብኩት፤ የሠራተኛ መብትና ሰብአዊ ክብር። ሳቄ መጣ። አሠልጣኙ ሁሉም «ዶክተር» የሚሉት፣ ድምፁ ያማረ፣ ክራቫቱን በዚያ ሙቀት የማይፈታ ሰው ነው። አዳራሹ ውስጥ ውኃ ሳስቀምጥ ሰማሁት፤ «ዝቅ ብሎ የሚሠራውን ሰው ክብር ያልጠበቀ ድርጅት ድርጅት አይደለም!» ሲል ሠልጣኞቹ አጨበጨቡ። እኔም ልቤ ተነካ፤ አልዋሽም። እንዲህ ያለ ሰው አንድ ቃል ቢናገርልን ጋሼ ይሰማዋል ብዬ አሰብኩ።

ሐሙስ ከሰዓት ሁሉም ሶደሬ ወረዱ። ዶክተሩም ሾፌሩን አስከትሎ ወረደ። በሦስተኛ ፎቅ ኮሪደር ቆሜ ፎጣዎቹ አንገት ላይ ሆነው ሲያልፉ ቆጠርኩ። ጫልቱ አጠገቤ ቆማለች። «እነዚህም ሲሄዱ በኔ ላይ ነው የሚጻፈው?» አለችኝ። ያን ጊዜ ነው የቆረጥኩት።

ዓርብ ዕለት የእንግዶቹ አውቶቡስ የሚነሣው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። የእኛም ፈረቃ የሚያልቀው ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሩብ ጉዳይ ሲል የኋላውን በር ቆልፌ ቁልፉን ሽርጤ ኪስ ከተትኩ። አሥራ አራቱንም ልጆች ሰብስቤ «ዛሬ በፊት ለፊት በር ነው የምንወጣው፤ ተሰለፉ» አልኳቸው። ብርቄን ጠራኋትና «የኋላው በር አልከፈት ብሏል። ሳይፈተሽ ማንም እንዳይወጣ ደግሞ ትእዛዝ አለሽ። እዚሁ ፈትሺን» አልኳት። ብርቄ አንበሳውን አየችው፣ እንግዶቹን አየቻቸው፣ እኔን አየችኝ። «ትእዛዝ ትእዛዝ ነው» አለችና ጓንቷን አጠለቀች።

ሻንጣ በሚጫንበት፣ ስልክ በሚለዋወጡበት መሀል እጃችንን አንሥተን ቆምን። ከፊት እኔ፣ ከኋላዬ ጫልቱ። ብርቄ እንደ ወትሮዋ ብብቴን፣ ጡቴ ሥር፣ ወገቤን ዳበሰች። ወሬው ቀስ በቀስ ቆመ። አቶ መርዕድ እንግዳ ሊሸኝ ሙሉ ልብስ ለብሶ ወጥቶ ነበር፤ ሲያየን ፊቱ ሚጥሚጣ መሰለ።

«ምንድን ነው ይሄ? በኋላ በር ሂዱ!» አለ ጥርሱን ነክሶ።

«ተቆልፏል ጋሼ። ሳንፈተሽ እንዳንወጣ ያዘዙት ደግሞ እርስዎ ነዎት» አልኩት፤ ድምፄን ዝቅ አላደረግሁም።

ዶክተሩ ከመኪናው በር ተመለሰ። «ይቅርታ፣ ይሄ በየቀኑ ነው የሚደረገው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«በየቀኑ ነው። ፎጣ እየጠፋ ነው።»

ዶክተሩ ወደ ሠልጣኞቹ ዞረ። ሦስት ቀን ያስተማረውን በተግባር ሊያሳይ ዕድል አገኘ። «አያችሁ? ይሄ ነው የክብር ጥሰት! መፈተሽ ካለ ሁሉም እኩል ይፈተሽ። ከእኔ ይጀመር!» አለ። ከሠልጣኞቹ ግማሹ አጨበጨበ። ግማሹ ቦርሳውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ።

ሻንጣውን ራሱ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ አወጣ፤ ጭብጨባው ሁሉን አስረስቶት መሰለኝ፣ ዚፑን ራሱ ከፈተ። ከላይ ወረቀት፣ ከወረቀቱ ሥር ሸሚዝ፣ ከሸሚዙ ሥር ውኃ የሚያንጠባጥብ ጥቁር ፌስታል። ብርቄ በሁለት ጣቷ አነሣችው። ርጥብ ፎጣ ወጣ፤ የሆቴሉ ስም በወርቃማ ክር።

«ሾፌሬ ነው ያስገባው!» አለ ዶክተሩ።

ሾፌሩ መኪናው አጠገብ ቆሞ ይሰማል። መሬት መሬት አየ። የሠራተኛ ክብር በሦስት ቀን ተሰብኮ በሦስት ቃል አለቀ።

ከዚያ በኋላ ማንንም መፈተሽ አላስፈለገም። አንዱ «እኔም ሳልረሳው አልቀርም» እያለ ቦርሳውን ከፈተ። ሌላው «ልመልሰው ስል ነው» አለ። የአውቶቡሱ ዕቃ መጫኛ ተከፍቶ ፌስታል በፌስታል ሆነ። የሻሸመኔ ሰው መሆኗን የነገረችኝ አንዲት ሴት ብቻ ፎጣውን አጥፋ በሁለት እጇ ሰጠችኝ። «ይቅርታ እህቴ፣ ሁሉም ሲይዝ ነው የያዝኩት» አለችኝ። ዘጠኝ ፎጣ ጠረጴዛው ላይ ተከመረ። ከጠረጴዛው የሚንጠባጠበው ውኃ እብነ በረዱ ላይ ፈሰሰ።

አቶ መርዕድ ምን እንዳደረገ ታውቃላችሁ? ወደ ዶክተሩ ሮጠ። «ኧረ ዶክተር! ምን ችግር አለው! ለማስታወሻ ይሁንዎት!» ብሎ ፎጣውን አንሥቶ በአዲስ ፌስታል ጠቅልሎ ሰጠው። ዶክተሩም አመስግኖ ተቀበለ። በእግዜር ስም እላችኋለሁ፣ ተቀበለ።

ገና ተስፋ አልቆረጥኩም ነበር። ጫልቱን በክንዷ ይዤ ፊቱ አቆምኳት።

«ዶክተር፣ ባለፈው ሳምንት አሥራ አንድ ፎጣ ጠፍቶ ይህችን ልጅ ሌባ ሊሏት ወረቀት ተጽፏል። ዛሬ ያዩትን አንዲት መስመር ይጻፉላት። ሌላ አንጠይቅዎትም።»

ዶክተሩ ጫልቱን አየ፤ ቀጥሎ ሰዓቱን አየ። «ይሄ የድርጅቱ የውስጥ ጉዳይ ነው፤ ጣልቃ መግባት ለእኔ ትክክል አይሆንም» አለና መኪናው ውስጥ ገባ። ሾፌሩ በሩን ዘጋለት።

አውቶቡሱ እንደወጣ አቶ መርዕድ ጮኸብኝ። «አዋረድሽኝ! ነገ ጠዋት ቁልፍሽን አስረክበሽ ትሄጃለሽ። የዚህችንም ወረቀት አምጪ፣ ብርቄ ትፈርመዋለች!» ብሎ ወረቀቱን ተቀበለኝ። ጫልቱ ማልቀስ ጀመረች። እኔ አላለቀስኩም፤ ንዴቱ እንባዬን አድርቆታል። እንግዲህ ዘጠኝ ፎጣ በሃምሳ ሰው ፊት ከሻንጣ ወጥቶ፣ አሁንም ሌባዋ ጫልቱ ነች!

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቁልፌን ላስረክብ ሄድኩ። እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሌላ ትልቅ ስብሰባ ይገባል። ከሁለተኛ እስከ አራተኛ ፎቅ ሃምሳ ሁለት አልጋ ተገፍፎ ባዶ ፍራሽ ነው። ላውንደሪ ስገባ አሥራ አራቱም ልጆች የአንሶላ ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል። ጋሪዎቹ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ብርቄም ጓንቷን ጭኗ ላይ አድርጋ ከመሀላቸው ተቀምጣለች።

«ምን ሆናችሁ?» አልኳቸው።

«ወረቀቱ ሳይቀደድ አንወጣም» አለች ብርቄ። «እኔም አልፈርምም፣ ማንንም አልፈትሽም።»

እንዲህ አድርጉ ብዬ አልመከርኳቸውም። ብመክራቸው ኖሮ እኮራበት ነበር፤ ግን ሐሳቡ የእነሱ ነው። ቁልፉን አንገቴ ላይ እንደያዝኩ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

አቶ መርዕድ ሁለት ሰዓት ላይ መጣ። «ሁላችሁንም አባርራለሁ! ሥራ ፈት በሞላበት አገር!» አለ።

«ያምጧቸው» አልኩት። «እስከ ነገ ዘጠኝ ሰዓት ሃምሳ ሁለት አልጋ የሚያነጥፍ ካገኙ ያምጡ።»

«አልጋ ማንጠፍ ምን ሙያ አለው!» ብሎ ሪሴፕሽን ያለውን ልጅ ይዞ ወደ ሁለተኛ ፎቅ ወጣ። ሊፍቱ አይሠራም፤ በደረጃ ነው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ላቡ ኮሌታው ላይ ፈስሶ ወረደ። አንድ አልጋ አንጥፏል። አንሶላውን በተገላቢጦሽ አድርጎት፣ አንድ ጫፉ ወለል ይጠርግ ነበር፤ ልጆቹ በኋላ ሄደው አይተው ሆዳቸውን እስኪያማቸው ሳቁ።

«ምንድን ነው የምትፈልጉት?» አለ።

ጫልቱ ከጆንያው ላይ ተነሣች። እሷም «እርስዎ» እያለችው፣ «ወረቀቴን ይቅደዱልኝ። አጎቴ ጋ ደውለው ዕዳ የለብህም ይበሉት። እትዬ የሺም ይቆዩልን» አለችው።

ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ ሁለት ቦታ ቀደደው። አዳሚ ቱሉ ደወለ፤ ድምፅ ማጉያውን እንዲከፍት ብርቄ አስገደደችው፤ መምህሩ «እሺ፣ ተመስገን» ሲል ሁላችንም ሰማን። የእኔ ነገር ላይ ግን ረገጠ። «ይህችን ሴትዮ ከዚህ በኋላ እዚህ ማየት አልፈልግም» አለ። ልጆቹ እንደገና ሊቀመጡ ሲሉ እኔ ተውት አልኳቸው። የሚገባኝን የሥራ ልምድ ወረቀት እዚያው አጽፌ ተቀበልኩት። «በገዛ ፈቃዷ ለቃለች» ይላል። ውሸታም ከነወረቀቱ!

ልጆቹ ወደየፎቃቸው ወጡ። አልጋዎቹ ቅዳሜ ማታ ላይ አለቁ፤ ያለ እጥፋት፣ ማዕዘናቸው እንደ ፖስታ። ከዚያ በኋላ እኔ ሌላ ትንሽ ሆቴል አራት ዓመት ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ። ጫልቱ አሁንም እዚያው ሦስተኛ ፎቅ ናት። ፍተሻው አልቀረም፤ አሥር በመቶውም አልመጣም፤ ቡሌውም ይሸጣል። ፎጣ ሲጠፋ ግን ሌባ ብሎ የሚጽፍ የለም።

እናንተ አሁን ሽርጥ የለበሳችሁ ልጆች ይህን ዕወቁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እውነቱን ለብቻዬ እየገባሁ ነገርኩት፤ አልሰማኝም። ዘጠኝ ፎጣ ፊቱ አስቀመጥንለት፤ አላየም። የሰማው አልጋው ሳይነጠፍ የቀረ ቀን ነው።